የእንጨት ዓሣ፣ የተልባ ዘይትና የብርብራ ነገር

አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ አይጋገርበትም። እናቶቻችን ምጣዱን አግለው የተወቀጠ የጎመን ዘር ደጋግመው ያሹበታል። ከዘሩ የሚወጣው ዘይት በሸክላው ቀዳዳ ሁሉ ይሰርጋል፤ እሳቱ ያደርቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ሊጡ አይይዝም። ይህን ሥራ ከመጽሐፍ የተማረ የለም፤ ሴት ልጅ ከእናቷ አይታ የያዘችው ሙያ ነው። ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ ምጣድ አይደለም። ይኸው የማሟሸት ብልሃት እንጨትን ከውሃ ለመከላከልም እንደሚያገለግል፣ በተለይም ለዓሣ ማጥመጃ እንዴት እንደሚውል ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ገበሬዎች ለመግለጽ ነው።

«ዓሣ የጣና ነገር ነው፤ እኛ ደገኞቹን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ያገባናል እንጂ! የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተራራ ተዳፋት ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። በደቡብ በኩል እስቴንና ስማዳን ከጎጃም የሚለያቸው ዓባይ ነው። ታች ጋይንትና ስማዳ ደግሞ ከወሎ ጋር በበሽሎ ይዋሰናሉ። በእነዚህ ወንዞች ውስጥ አምባዛም፣ በባሕር ዳር ነጭ ዓሣ የሚባለው ዓይነትም ይገኛል። በጾም ወራት ዓሣ በገበያ ምን ያህል እንደሚፈለግ ደግሞ ለአገሩ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ አያያዙ ነው። በጣና ገባር ወንዞች አካባቢ የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ መበተን የቆየ ልማድ ነው። የብርብራ ፍሬ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለው። ይህ መርዝ ዓሣው ከውሃው የሚያገኘውን አየር ሰውነቱ እንዳይጠቀምበት ያግዳል። ስለዚህ ዓሣው በውሃ መካከል ሆኖ ታፍኖ ይሞታል። ትልቁም ትንሹም፣ ዕንቁላል ያዘለውም፣ ገና ጣት የማያህለውም ባንድነት ይንሳፈፋል። ሰውየው ከዚያ ሁሉ የሚበላውን አንሥቶ ይሄዳል፤ የቀረው ዳር ላይ ይበሰብሳል። በሚቀጥለው ዓመት ያ ኩሬ ባዶ ነው።

ብርብራ ራሱ ጥፋት የለበትም። ጥላው መልካም ነው፤ አበባው ለንብ ይሆናል፤ ሥሩም አፈር ያዳብራል። ጥፋቱ የሚወቅጠው እጅ ነው።

ነገሩን የሚያከብደው ሌላም ጉዳይ አለ። በጣና ሐይቅ ውስጥ በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኙ ከ15 በላይ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች አሉ። ከእነዚህ 8ቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው። ብዙዎቹ በክረምት፣ በተለይም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ዕንቁላላቸውን ለመጣል ሐይቁን ትተው እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። በዚያን ጊዜ በየወንዙ አፍና በየጠጠሩ ላይ ተሰብስበው ስለሚገኙ በመረብም በመርዝም ማጥፋት ቀላል ነው። በጣና በሞተር ጀልባና በመረብ የሚካሄደው ዓሣ ማስገር በ1978 ዓ.ም. አካባቢ ተጀምሮ ከተስፋፋ በኋላ የእነዚህ ዓሦች ቁጥር በእጅጉ መቀነሱን በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። መንግሥትም የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ን አውጥቷል። ሆኖም በየገደሉ ሥር ያለውን ኩሬ ቆሞ የሚጠብቅ አዋጅ የለም፤ የሚጠብቀው የዚያው ቀበሌ ሰው ነው።

መንጠቆ ከብርብራ የሚለየው መርጦ መያዙ ነው። ትንሹን አላቅቆ መልሶ መልቀቅ ይቻላል። ለአምባዛ ትል ወይም የሥጋ ቁራጭ ሰክቶ መጣል ይበቃል። ዓሣ አሳዳጁን ዓይነት ግን የሚስበው የሚዋኝ ነገር ነው። እዚህ ላይ ነው የእንጨት ዓሣ የሚመጣው።

ከእንጨት ዓሣ አስመስሎ መሥራት የልጅ ጨዋታ የሚመስለው ሰው የፊንላንዱን ላውሪ ራፓላን ታሪክ ይስማ። ራፓላ ድኻ ዓሣ አጥማጅ ነበር። በሐይቅ ላይ ጀልባውን እየቀዘፈ ትልልቆቹ ዓሦች ከመንጋው መካከል የትኛውን እንደሚነጥቁ ያስተውል ነበር። የሚነጥቁት የተጎዳውን፣ ወዲያና ወዲህ እየተወላገደ የሚዋኘውን ሆኖ አገኘው። ስለዚህ በ1928 ዓ.ም. ከቡሽ አንድ ትንሽ ዓሣ በጫማ ሰፊ ቢላዋ ቀረጸ። ለቅርፊቱ የቸኮላታ መጠቅለያ ብልጭልጭ ወረቀት ለበጠበት። ውሃ እንዳያበላሸው ደግሞ አሮጌ የፎቶግራፍ ፊልም አቅልጦ ቀባው። ከዚህ የተነሣው ሥራ ኋላ በብዙ አገር የሚሸጥ ሆነ። ልብ በሉ፤ ሰውየው ከሱቅ የገዛው ነገር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የተጠቀመው ሌላው የጣለውን ነው።

በእኛ አገር ለዚህ ሥራ ዋንዛ ይስማማል። አይከብድም፤ ለቢላዋም ይመቻል። ወይራ ግን ይሰጥማል። እንጨቱ ቢያንስ አንድ በጋ የደረቀ ይሁን። እርጥብ እንጨት ላይ የተቀባ ቀለም ዕድሜ የለውም፤ እንጨቱ ሲደርቅ ይሸሻል፣ ቀለሙም ይሰነጠቃል። ርዝመቱ አንድ ጣት ያህል ሆኖ መካከሉ ወፈር፣ ጭራው ቀጠን ይበል። በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ ይታሽ። ከአፍ እስከ ጭራ የሚያልፍ ሽቦ ይግባበት። ዓሣው ሲጎትት ጉልበቱን የሚችለው ሽቦው እንጂ እንጨቱ አይደለም። ከሆዱ ሥር ትንሽ እርሳስ ቢቀበርለት ሳይገለበጥ ይዋኛል። ከአገጩ ሥር ደግሞ ከቆርቆሮ የተቆረጠች እንደ ምላስ ያለች ነገር ዘንበል አድርጎ መትከል ነው። ክሩ ሲሳብ ውሃው ምላሷን ይገፋታል፤ የእንጨቱም ዓሣ እንደ ቆሰለ ይወላገዳል።

አሁን ወደ ማሟሸቱ እንመለስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና ረጋ ብለን እንየው።

ዘይት ሁሉ አይደርቅም። ቅቤ ብትቀቡት ዓመት ቢቆይም ያው ቅቤ ነው። የኑግ ዘይት ይደርቃል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው፤ ለብዙ ቀን እጅ ላይ ይጣበቃል። ከአገራችን እህል ለዚህ ሥራ ተወዳዳሪ የሌለው ተልባ ነው። የተልባ ዘይት በስሱ ሲቀባ ከአየር ጋር ተዋሕዶ እንደ ቆዳ ይጠነክራል እንጂ እንደ ውሃ ተንኖ አይጠፋም። ሠዓሊዎች በዓለም ሁሉ ቀለማቸውን የሚለውሱት በዚሁ ነው። በጋይንት ደጋ ተልባ እናመርታለን፤ ለመጠጥና ለወጥ ብቻ ነው እንዴ? አንድ ነገር ግን አለ። ኑግን ወቅጦ በፍል ውሃ ዘይቱን ማንሳፈፍ ይቻላል። ተልባ ግን ውሃ ሲነካው ስለሚዝለገለግ በዚህ መንገድ እሺ አይልም። መጭመቂያ ባለበት ማስጨመቅ ይሻላል። ለመሞከር አንድ ጠብታ በንጹሕ ቆርቆሮ ላይ ስስ አድርጎ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ጣት ካልያዘ ዘይቱ ለሥራ ይሆናል።

መጀመሪያ እንጨቱን፣ የሽቦውን ቀዳዳ ሳይቀር፣ በዚህ ዘይት ማሸት። እንጨቱ የጠጣውን ይጠጣ፤ የተረፈው በጨርቅ ይጠረግ። ሲደርቅ ይደገም። ቀለም የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ለጀርባው ጥቁር ያስፈልጋል። የብራና ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ሲያዘጋጁ ኖረዋል፤ እኛም ከኩራዝ ወይም ከድስት ቂጥ እንጠርገው። ነገር ግን እነርሱ የሚለውሱበት ሙጫ ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ለብራና ደግ ነው፤ ለወንዝ አይሆንም። ስለዚህ ጥላሸቱን በተልባ ዘይት መለወስ ነው። ጥላሸት የበዛበት ዘይት ለመድረቅ ስለሚዘገይ ትንሽ ይበቃል። ቀይ አፈርም በወንፊት ተነፍቶ፣ ደቅቆ በዘይት ቢለወስ ጥሩ ቀይ ይወጣዋል። ነጩ ነው አስቸጋሪው። ጠመኔ በዘይት ሲለወስ ንጣቱ ይጠፋና ጭቃ ይመስላል። ለሆዱ ከቤት ቅብ የተረፈ ነጭ የዘይት ቀለም ብታገኙ ይሻላል፤ ካልሆነም እንደ ራፓላ የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት መለጠፍ ነው።

ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ የሚሆነው ለጌጥ አይደለም። የእውነተኛው ዓሣ መልክ ይኸው ነው። ከላይ ሲያዩት ከወንዙ ወለል፣ ከታች ሲያዩት ከሰማዩ ብርሃን ጋር ይመሳሰላል። ዓይን መሣል አይረሳ።

ቀለሙ ሳይደርቅ በላዩ ላይ ሌላ አይቀባ። ከታች እርጥብ ሆኖ ከላይ ከተሸፈነ እንደ ሽማግሌ ግንባር ይጨማደዳል። በደንብ ሲደርቅ ንጹሑን የተልባ ዘይት፣ ወይም ገንዘብ ካለ ከሱቅ የተገዛ ቫርኒሽ፣ ሦስትና አራት ጊዜ በስሱ መቀባት ነው። አንድ ጊዜ አወፍሮ መቀባት እንደ ስንፍና ይቆጠራል፤ ላዩ ይቆዳና ውስጡ ለወራት እንደ ማር ሆኖ ይቀራል። ይህ የመጨረሻው ቅብ ቀለም የለውም፤ ሥራው ግን ከቀለሙ ይበልጣል። ድንጋይና የዓሣ ጥርስ የሚነካው እርሱን ነው። ሲደርቅ በክር አንጠልጥሎ ጭስና አመድ ከሌለበት ማዋል። በክረምት እርጥበት አይደርቅምና ሥራው የበጋ ነው።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ! የተልባ ዘይት ያበሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ አይጣል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ይሰጣል። የተጨማደደው ጨርቅ ያን ሙቀት ይዞ ማንም ሳይለኩሰው ሊቀጣጠል ይችላል። የሣር ቤት ላለው ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ጨርቁን ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም በውሃ ነክሮ መቅበር ነው።

ሥራው ሲያልቅ የእንጨቱን ዓሣ በገንዳ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ እዩት። አረፋ የሚያወጣበት ቦታ ካለ ውሃ የሚገባው በዚያ ነውና አድርቃችሁ ደግማችሁ ቀቡት።

ይህ ማጥመጃ በክረምት አይሠራም። ውሃው ሲደፈርስ ዓሣው አያየውም። ይህም ደግ ነው፤ በዚያን ጊዜ ዓሣው ዕንቁላሉን ይጣል። ጊዜው ከኅዳር ወዲህ፣ የበሽሎና የዓባይ ውሃ ሲጠራ ነው። ወደ ዓባይ የሚወርድ ሰው ግን አዞ መኖሩን አይርሳ፤ ብቻውን አይውረድ፤ ውሃ ውስጥ ገብቶ አይቁም። ቆላው የወባ አገር ስለሆነ የሚያድርም ከሆነ አጎበር ይያዝ። ከብት በሚጠጣበት መልካ መንጠቆ ጥሎ መሄድ ክልክል ይሁን፤ በሬ አፉን ከተወጋ እርሻው ይቆማል። ወደ ቤት ሲመለሱም መንጠቆዎቹን በቡሽ ወይም በቆረቆንዳ ሸፍኖ ልጅ ከማይደርስበት ማገር ላይ ማንጠልጠል ነው።