ልጆች «ኩል» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ሮቤ ከተማ ውስጥ አንድ ቤት እናስብ። ቡና ተፈልቷል፣ ቤተሰቡ ተሰብስቧል። ዘጠነኛ ክፍል የደረሰው ልጅ ስልኩን እያየ «ይሄማ በጣም ኩል ነው!» ይላል። አያቱ ቀበል አድርገው «ኩሉን ለማን ገዝተህ ነው፣ ልጄ?» ብለው ይጠይቁታል። እሳቸው የሚያውቁት ኩል ዓይን የሚኳሉበትን ነው። አንደኛ ክፍል የገባችው ትንሿ እህቱ ደግሞ አንገቷን አስግጋ ቃሉን ከስልኩ ላይ «ጮል» ብላ ታነበዋለች። ሁሉም ይስቃሉ፤ ነገር ግን ከሦስቱ አንዳቸውም አልተሳሳቱም።

ትንሿ ልጅ ያነበበችው በቁቤ ነው። አፋን ኦሮሞ በ1984 ዓ.ም. የጽሕፈት ሥርዓቱ ያደረገው ቁቤ የላቲን ፊደላትን ይጠቀማል እንጂ የእንግሊዝኛን አነባበብ አይከተልም። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ «ክ» ብሎ የሚያነበው «ሲ» በቁቤ «ጭ» ነው። ሁለት «ኦ» ሲደረደሩም የሚረዝመው ያው «ኦ» ነው፤ ወደ «ኡ» አይለወጥም። ስለዚህ ሮቤም ሆነ ጎባ በቁቤ ንባብ የጀመረ ልጅ የእንግሊዝኛ ቃል ሲያበላሽ ብንሰማ «ሰነፍ» ለማለት አንቸኩል። ልጁ የተማረውን ሕግ በትክክል እየሠራበት ነው። የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ ሌላ ሕግ እንዳለው የሚነግረው ሰው ነው።

ታላቅ ወንድሟ ያለው «ኩል» ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። የቃሉ መነሻ ትርጉም «ቀዝቃዛ» ነው። በጥቁር አሜሪካውያን የጃዝ ሙዚቀኞች ዘንድ «የተረጋጋ፣ የሚያምር፣ ግሩም» ለማለት ሲነገር ቆይቶ ዓለምን አዳረሰ። «ቺል» የሚለውም መነሻው ቅዝቃዜ ነው፤ ዛሬ ወጣቶች «ዘና በል» ለማለት ይጠቀሙበታል። የሳነቴን ነፋስ ለሚያውቅ የጎባ ሰው ቅዝቃዜ እንዴት ምስጋና እንደሚሆን ሊገርመው ይችላል። ይሁንና ተማሪው ሁለቱንም ትርጉም ማወቅ አለበት። በእንግሊዝኛ ፈተና ላይ «የባሌ ደጋ አየሩ ኩል ነው» የሚል ምንባብ ቢመጣ ቀዝቀዝ ያለ ነው ማለት እንጂ «አሪፍ ነው» ማለት አይደለም።

እንዲህ ያሉ አጫጭርና ቤት የሚመቱ ቃላት ብዙ ናቸው። «ኩል» ከ«ፑል» እና ከ«ስኩል» ጋር ቤት ይመታል። «ካፕ» ከ«ራፕ» እና ከ«ማፕ» ጋር ይገጥማል። «ካፕ» ቆብ ነው፤ በወጣቶች አፍ ግን «ውሸት» ማለት ሆኗል። ልጅዎ «ኖ ካፕ» ካለ «ውሸት የለውም፣ እውነቴን ነው» ማለቱ ነው። «ጉድ» ደግሞ ለብቻው ጉድ ነው። መምህሩ በደብተሩ ላይ በእንግሊዝኛ የጻፈው «ጉድ» ጥሩ ማለት ሲሆን፣ በእኛ «ጉድ» ግን ጎረቤት ይሰበሰባል።

እስካሁን ያለው የሚያስቅ ነው። የማያስቀው ቀጥሎ ያለው ነው።

«ፉል» ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው የቁርሱን ባቄላ ወይም በነዳጅ የሞላ መኪና ነው። ረዘም ተደርጎ የሚነገረው «ፉል» ግን በእንግሊዝኛ «ጅል» ማለት ነው። አንድ ልጅ «ክፍል ውስጥ ፉል ይሉኛል» ቢል እና እኛ ብንስቅ፣ የነገረን ስድብ መሆኑን ሳናውቅ ቀረን ማለት ነው። «ሙድ»ም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ የመንፈስ ሁኔታ ማለት ሲሆን «ሙድ የለኝም» ያለ ልጅ ደስ አላለውም። ነገር ግን በአማርኛው የወጣቶች ቋንቋ «ሙድ መያዝ» ማላገጥ፣ ማሾፍ ሆኗል። «ሙድ ያዙብኝ» ብሎ ወደ ቤት የገባ ልጅ ሰዎች መሳቂያ አድርገውታል። አባት «እሰይ፣ ከጓደኞችህ ጋር ተጫወት» ብሎ ካለፈው፣ ልጁ በሚቀጥለው ጊዜ ላይነግረው ይችላል።

ወላጆች ይህን ሁሉ ቃል በቃላቸው መያዝ አይጠበቅባቸውም። ቢይዙትም ቃላቱ ቶሎ ያረጃሉ። ደግሞም አዲስ ነገር አይደለም፤ እኛም በልጅነታችን ትልልቆች እንዳይሰሙን በወፍ ቋንቋ ተነጋግረናል። የለንደን ምሥራቃዊ ሠፈር ሰዎችም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤት በሚመቱ ቃላት የሚስጥር ንግግር ፈጥረው ነበር፤ «ደረጃ» ለማለት «ፖምና ፒር» ይሉ ነበር፣ በቋንቋቸው ፒርና ደረጃ ቤት ስለሚመቱ። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ አያት አንድ ቃል ሁለት ፍቺ መያዙ እንግዳ አይሆንበትም።

የሚጠቅመው መጠየቅ ነው። «ምን ማለት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ማን አለህ? እንዴት አድርጎ አለህ? አንተስ ምን ተሰማህ?» ብለን እንጠይቅ። ያው «ኩል» በፈገግታ ሲነገር ምስጋና፣ አፍንጫ ተነፍቶ ሲነገር ሹፈት ሊሆን ይችላልና።

ለትንሿ ልጅ ደግሞ ቡናው እስኪፈላ የሚሆን ጨዋታ አለ። አንዱ «ኩል» ይበል፣ ሌላው ቤት የሚመታ የእንግሊዝኛ ቃል ያምጣ፣ ከዚያም ቃሉ ተጽፎ ይታይ። «ጮል» ብላ ያነበበችው ልጅ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ያለውን ልዩነት በጆሮዋ ትለየዋለች። አያትም «ኩል»ን ሲያመጡ ነጥብ ይያዝላቸው፤ ትርጉሙን ግን እሳቸው ያስተምሩ። ልጆቹም ዓይን የሚኳልበትን ኩል ላያውቁት ይችላሉ።