ያውቁ ኖሯል? አፈር የተሸከመው ቤት

በትግራይና በኤርትራ ደጋ ገጠሮች የሚታየው ጥንታዊ የድንጋይ ቤት «ህድሞ» ይባላል። ግድግዳው በጭቃ እየተያያዘ የተካበ ወፍራም ድንጋይ ነው። የህድሞ ጥበብ ጎልቶ የሚታየው ግን ከላይ ነው፤ ክዳኑ ሣርም ቆርቆሮም ሳይሆን አፈር ነው! በባላ ምሰሶዎች ላይ ወፋፍራም ግንዶች ይጋደማሉ፤ በእነርሱ ላይ ቀጫጭን እንጨት ይረበረባል፤ ከዚያም አፈር ተደልድሎ ይጠቀጠቃል። ይህ ሁሉ ሸክም የሚያርፈው በእንጨቱ ላይ ስለሆነ ምርጫው የዋዛ አይደለም፤ እንደ ወይራና ጥድ ያለ ጠንካራ ግንድ ይፈለጋል። ወፍራሙ ግድግዳና የአፈሩ ክዳን ቀን ሐሩሩን፣ ሌሊት ቁሩን ይመክታሉ። ውስጥ ሲገቡ የፊተኛው ክፍል «ምድሪ ቤት»፣ የጓዳው ደግሞ «ውሻጠ» ነው፤ መቀመጫና መኝታውም ከቤቱ ጋር አብሮ የተሠራ መደብ ነው።

ድንጋይና እንጨትን ማጣመር ለዚህ አካባቢ የቆየ ሙያ ነው። በ1997 ዓ.ም. ከሮም የተመለሰው፣ 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአክሱም ሐውልት ራሱ በባለ ፎቅ ቤት አምሳል የተቀረጸ ነው፤ ከግድግዳ ብቅ የሚሉት የእንጨት ጫፎች እንኳ በድንጋዩ ላይ ተፈልፍለዋል።

ዛሬ ደኑ በመመናመኑ ለህድሞ የሚሆን ግንድ እንደ ልብ አይገኝም፤ ቆርቆሮ ቦታውን እየወሰደ ነው። በአካባቢዎ ህድሞ ካለ፣ ሳይፈርስ አሠራሩን ከአዛውንቶች ጠይቀው ይመዝግቡ።