የወባ ትንኝና የበቆሎ ማሳ፤ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር

በምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በተዘረጋው ለም ወይና ደጋ፣ ጤፍና በቆሎ ዘርቶ፣ ከብት አርብቶ፣ ቀፎ ሰቅሎ የሚኖረው ሕዝብ ከሚፈራቸው ጥቃቅን ፍጥረታት መካከል ጊንጥና ሸረሪት በቀዳሚነት ይጠራሉ፤ ነገር ግን ፍርሃት የሚከተለው መልክን ሲሆን ጉዳት የሚከተለው ግብርን ስለ ሆነ፣ ሰው አጥብቆ የሚሸሸውና ሰውን አጥብቆ የሚጎዳው ፍጥረት ሁልጊዜ አንድ ሆነው አይገኙም። ስለዚህ እነዚህን ፍጥረታት እንደየግብራቸው ማወቅ ለአገሬው ጤና የሚበጅ ትምህርት ነው።

ሥነ ፍጥረትን የሚመረምሩ ሊቃውንት ስድስት እግር ያላቸውን ንብን፣ ቅማልን፣ ቁንጫንና ትንኝን በአንድ ነገድ፣ ስምንት እግር ያላቸውን ጊንጥን፣ ሸረሪትንና መዥገርን በሌላ ነገድ ይመድቧቸዋል። ጉዳታቸውም በሁለት መንገድ ይመጣል፤ አንዳንዶቹ የራሳቸውን መርዝ ሲያፈሱ፣ ሌሎቹ ደግሞ ራሳቸው መርዝ ሳይኖራቸው ከአንዱ ሰው የቀዱትን ደዌ ወደ ሌላው ያደርሳሉ።

ከመርዘኞቹ ወገን የሆነው ጊንጥ ቀን በድንጋይና በማገዶ ክምር ሥር ተሸሽጎ ውሎ ሌሊት ለአደን ይወጣል፤ ንድፊያው ለሕፃናት ይበልጥ የሚያሰጋ ስለ ሆነ፣ የተነደፈውን ስፍራ በምላጭ ከመብጣት ይልቅ ሕፃኑን ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ንብም በረከቷ ብዙ ቢሆን፣ አንዲቱ ስትነድፍ የምትተወው ሽታ ሌሎቹን ለውጊያ ስለሚጠራቸው፣ ቆሞ ከመከላከል ይልቅ ከስፍራው መራቅ ይሻላል፤ መርዟን ሰውነቱ የማይችል ሰው ግን በአንድ ንድፊያ እንኳ ሊሞት ይችላል። የሸረሪት ወገን ከሞላ ጎደል በሰው ላይ ጉዳት የሌለው፣ እንዲያውም ተባይ የሚበላ ወዳጅ ነው።

ደዌ ከሚያደርሱት ወገን ቅማል በልብስ ስፌት ውስጥ ተሸሽጎ ተስቦንና የሚያገረሸውን ትኩሳት ያዛምታል። የሚያገረሸው ትኩሳት ተሐዋሲ የሚወጣው ቅማሉ በጥፍር ሲፈርጥ ነው፤ በአንዲት ጎጆ ተፋፍገው፣ ቅያሪ ልብስ ሳይኖራቸው ትምህርታቸውን የሚከታተሉት የአብነት ተማሪዎች ለዚህ ደዌ እጅግ የተጋለጡ ናቸው፤ ልብስን በፈላ ውሃ መቀቀልም ከመቅመል ይልቅ የታመነ መከላከያ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን በዚህ አገር ብዙ ነፍስ ያጠፋችው የወባ ትንኝ ናት። አባቶቻችን ንዳድ ብለው የጠሩትን ትኩሳት በቆላ አየር ላይ ያመካኙ ስለ ነበር፣ የደጋው ሰው ቆላ ወርዶ አርሶ ለአዳር ወደ ደጋው መመለስን ይመርጥ ነበር፤ ምክንያቱን ባያውቅም ጥበቃው ትክክል ነበር፣ ትንኟ የምትነድፈው ይልቁንም በሌሊት ነውና። የደዌው ተሐዋሲ በትንኝ ሆድ ውስጥ እንደሚያድግ ብሪታንያዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ በ1897 እ.ኤ.አ. በህንድ አገር ገለጠ። በ1958 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወረርሽኙ ከቆላ ወጥቶ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር ሲያጥለቀልቅ፣ በኢትዮጵያ ሦስት ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ እንደ ታመመና 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ተገምቷል፤ በማግሥቱ ዓመትም የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ፍኖተ ሰላም ወደ 1,900፣ ቡሬም ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ሁለቱም በዚሁ ወሰን ውስጥ ናቸው።

በአገራችን ወባን በይበልጥ የምታስተላልፈው ትንኝ አኖፌለስ አራቢየንሲስ ትባላለች። ደም የምትመጠው እንስቲቱ ብቻ ስትሆን፣ ይህንም የምታደርገው ዕንቁላሏን ለማብሰል ነው፤ ዕንቁላሏንም ፀሐይ በሚያገኘው ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ፣ በበሬ ኮቴ በተረገጠ ጭቃ፣ አፈር በተቈፈረበት ጕድጓድ፣ በወንዝ ዳር በቀረ ኩሬ ላይ ትጥላለች። ከዕንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ከውሃው ገጽ ጋር አግድም ተኝቶ በላዩ የሰፈፈውን ብናኝ እየለቀመ ያድጋል። ተሐዋሲው በትንኟ ሰውነት ውስጥ ለመብሰል ቢያንስ ዐሥር ቀን ያህል፣ በቀዝቃዛ አየርም ከዚያ የበለጠ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ብዙዎቹ ትንኞች ደዌውን ሳያስተላልፉ ይሞታሉ፤ ስለዚህ የትንኟ ዕድሜ በጥቂት ቀን መርዘሙ ለመንደሩ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

የቡሬ ገጠር በዓለም የሳይንስ መጻሕፍት የተጠቀሰው በዚህ ነጥብ ነው። አስናቀው ከበደ፣ የታሪክ ሊቁ ጄምስ ማካንና ባልደረቦቻቸው በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በቡሬ ወረዳ በቆሎ በብዛት በሚመረትባቸው ቀበሌዎች የወባ ሕመም በቆሎ ጥቂት ከሚዘራባቸው ቀበሌዎች ወደ ዐሥር እጥፍ በሚጠጋ መጠን በልጦ መገኘቱን አስታወቁ። ምክንያቱም በቆሎ ሲያብብ የሚረግፈው ቢጫ ብናኝ በአጠገቡ ባለው ውሃ ላይ ሲያርፍ ለእጩ ሲሳይ ስለሚሆነው፣ በዚህ የተመገበው እጭ ፈጥኖ ያድጋል፣ ከሞትም ይተርፋል፣ ትንኝ ሆኖ ሲወጣም አካሉ የገዘፈ ይሆናል፤ የገዘፈችውም ትንኝ ረዘም ያለ ዕድሜ የማግኘት ተስፋዋ ይበልጣል።

ነገሩን ያባባሰው የጊዜው መግጠም ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተስፋፋውና ቢኤች 660 የተባለው ዲቃላ ዘር ምርቱ እጅግ የበዛ ሆኖ ገበሬውን ከችግር ያወጣ ቢሆንም፣ ዘግይቶ የሚደርስ ስለ ሆነ የሚያብበው ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ ኩሬዎች ረግተው ፀሐይ በሚሞቁበት በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ነው። ቀድሞ ከጎጆ አጠገብ የሚዘራው ያገሬው በቆሎ ግን ቀደም ብሎ ያብብ ነበር። እንግዲህ አበባው ሰብል፣ ሰብሉ ጥጋብ ለማምጣት ሲዘጋጅ፣ የዚያው አበባ ብናኝ በጓሮ ያለችውን ትንኝ ያፋፋታል፤ ምድር በአበባ በምታጌጥበት በዘመነ ጽጌም ጤና ጣቢያው በትኩሳት ሕሙማን ይሞላል።

ከዚህ ተነሥቶ በቆሎን መኰነን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ልጆቻችን የሚያድጉበት እንጀራና ቂጣ ነውና። የሚገባው በቆሎውን፣ ውሃውንና መኝታ ቤቱን ማራራቅ ነው፤ ማሳውን ከጎጆው ራቅ ማድረግ፣ በጓሮ ያለውን ኩሬ ማፋሰስ፣ በየሌሊቱ አጎበር ዘርግቶ ከውስጡ መተኛት፣ ቤቱ መድኃኒት ሲረጭ ግድግዳውን ወዲያው አለመለሰን፣ ትኩሳት ሲጀምርም በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መሄድ። ዘር የሚያከፋፍለው የግብርና ባለሙያና አጎበር የሚያድለው የጤና ባለሙያ ዛሬ ለየብቻቸው ገበሬውን ይመክሩታል፤ ዘሩ ከመዘራቱ በፊት፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ የት መንደር ምን ዘር ከቤት ስንት እርምጃ ርቆ እንደሚዘራ አብረው ተቀምጠው ቢወስኑ ግን፣ የቡሬ ገበሬ ጎተራውን ለመሙላት ሲል የልጁን ጤና የሚከፍልበት ምክንያት አይኖርም።