ሳሪ፦ ከጓዳ እስከ አውሮፕላን

በንጉሡና በደርግ ዘመን የተማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሳሪን ያወቁት ክፍል ውስጥ፣ ከሕንዳውያት መምህሮቻቸው ነው። የቀረውን የሕንድ ፊልም አሳያቸው። ልብሱ ሲታይ ከጥንት እንዳለ የቆየ ይመስላል፤ ነገር ግን የሕንድ ሴት ከቤት በወጣች ቁጥር ሳሪዋም አብሯት ሲለወጥ ኖሯል።

ሳሪ አንድ ወጥ ጨርቅ ነው። የተለመደው 5 ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ የምዕራብ ሕንዷ የማሐራሽትራ ግዛት ሳሪ ደግሞ 8 ሜትር ይደርሳል። ዛሬ በብዛት በሚታወቀው አለባበስ ጨርቁ በውስጥ ጉርድ ላይ ወገብን ይዞርና ፊት ለፊት ተሸንሽኖ ይሸጎጣል። ጌጥ የሚበዛበት ጫፍ፣ ፓሉ የሚባለው፣ ደረትን አቋርጦ በግራ ትከሻ ወደ ኋላ ይወርዳል። የጉጃራት ግዛት ሴቶች ፓሉውን በቀኝ ትከሻ ወደ ፊት ይመልሱታል። በማሐራሽትራ ደግሞ ጨርቁ በእግር መካከል አልፎ ከኋላ ስለሚሸጎጥ እንደ ሱሪ ያራምዳል። የነጠላ አለባበስ ሐዘንን ከበዓል እንደሚለይ፣ የሳሪ አለባበስም የለበሰችው ሴት ከየት እንደመጣች ይናገራል።

ዛሬ “ባህላዊ” የምንለው ከሸሚዝና ከውስጥ ጉርድ ጋር የሚለበሰው ሳሪ ግን ዕድሜው ብዙ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቤንጋሏ ካልካታ ባለጸጋ ቤቶች ሴቶች ከግቢ እምብዛም አይወጡም ነበር፤ ሳሪውንም ያለ ሸሚዝ ይለብሱት ነበር። የገጣሚው ራቢንድራናት ታጎር የወንድም ሚስት ግያናዳናንዲኒ ዴቪ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) ባሏን ተከትላ ቦምቤይ ስትሄድ ሰው ፊት የምትቀርብበት ልብስ አስፈለጋት። በዚያ ከሚኖረው የፓርሲ ማኅበረሰብ ሴቶች አለባበስ ተምራ፣ ሸሚዝና ጉርድ ጨምራ ያበጀችውን ይዛ ተመለሰች፤ የተማሩ የቤንጋል ሴቶችም ተቀበሉት።

ከዚያ ወዲህ ሳሪ ያልደረሰበት የለም። ሕንዳዊቷ አብራሪ ሳርላ ታክራል በ1936 በ21 ዓመቷ አውሮፕላን ያበረረችው ሳሪ ለብሳ ነው። በሞተር ብስክሌት ከኋላ የምትቀመጥ ሴት ሳሪዋ ጎማ ውስጥ ገብቶ አደጋ እንዳያደርስባት፣ የሕንድ ሕግ የኋላ ጎማው መከለያ እንዲኖረው ያዛል።

ቢሆንም ለአውቶቡስ ግፊያና ለኮሌጅ ሩጫ ከፑንጃብ የተስፋፋው ሳልዋር ካሚዝ ቀለለ፦ ሰፊ ሱሪ፣ ረዥም ቀሚስና ሻርፕ። ቆይቶም ጂንስ መጣ። በብዙ ቤቶች ለውጡ ሁሉንም እኩል አልደረሰም፤ የቤቱ ልጅ ሳልዋር ለብሳ ስትወጣ፣ ምራቲቱ በአማቷ ፊት ሳሪ ለብሳ ራሷን መሸፈን ይጠበቅባታል። ስለዚህ ጥያቄው ስለ ጨርቁ ሳይሆን ማን ይመርጣል የሚለው ነው።

በመስከረም 2014 የሕንድ መንኮራኩር ማርስ ስትደርስ፣ የሐር ሳሪ የለበሱ ሴቶች ሲተቃቀፉ የሚያሳይ ፎቶ ዓለምን ዞረ። የጠፈር ድርጅቱ በፎቶው ያሉት የአስተዳደር ሠራተኞች መሆናቸውን ቢገልጽም፣ በተልዕኮው የሠሩ ሴት ሳይንቲስቶችም መኖራቸውን አክሎ ተናግሯል። አየር መንገዱ ኤር ኢንዲያም በ2023 ለአስተናጋጆቹ አስቀድሞ የተሰፋ፣ ከፈለጉም ከሱሪ ጋር የሚለበስ ሳሪ አቀረበ።

በከተማ ሳሪ እያደር የሠርግ፣ የበዓልና የሥራ ልብስ ሆኗል። የለውጡ ሸክም ያረፈው ሸማኔው ላይ ነው። በደቡብ ሕንዷ ካንቺፑራም ከተማ የሳሪው አካልና ጥለቱ በየራሱ መወርወሪያ ይሸመንና ማጉ እርስ በርሱ ይጠላለፋል፤ አንዱ ሳሪ ብቻ ብዙ ቀን ይፈጃል። የጉጃራቷ ሱራት ከተማ ፋብሪካዎች ግን በርካሽ ሰው ሠራሽ ሳሪ ገበያውን ያጥለቀልቃሉ። የ1985ቱ ሕግ አንዳንድ የሳሪ ዓይነቶችን ለእጅ ሸማኔ ብቻ ቢከልልም፣ በማሽን የተሠራ “ባናራሲ” (የባናራስ ከተማ ሳሪ) ከእውነተኛው ጎን ይሸጣል። ትናንት ግዴታ ገበያ ይፈጥርለት የነበረ ሸማኔ፣ ዛሬ ጂንስ የለመደች ገዢ ወድዳ እንድትመርጠው ማሳመን አለበት።