ያረጀ ማንኪያና ትልቁ ዓሣ
ትልቅ ዓሣን በእጅ በተሠራ ማባበያ ስለ ማጥመድ

ደሴ ሰኞ ገበያ ደርሶ የሚመለስ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ስለ እህሉና ስለ በርበሬው ዋጋ ነው። አንባቢዬ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ወደዚያ ሲሄዱ አሮጌ ብረታ ብረት ከሚሸጥበት ዘንድ ጥቂት ቆም ይበሉ። እጀታው የተሰበረ ማንኪያ፣ የቀጭን ሽቦ ጥቅል፣ የዛገ ምስማር ያያሉ። ከመጠጥ ቤቱ ደጃፍ ደግሞ ቆርኪ ተበትኖ ይገኛል። ይህ ሁሉ ለብዙው ሰው ውዳቂ ነው፤ ለሚያውቅበት ግን ትንሽ ዓሣ ነው፤ ይኸውም ትልቁን ዓሣ አባብሎ ከጥልቁ የሚያወጣ።

ደመወዙ ከወር እስከ ወር የማያደርሰው ወጣት ሠራተኛና ኪሱ ባዶ የሆነ ተማሪ ቅዳሜን በምን እናሳልፈው ሲሉ ይሰማል። እነሆ አንድ መልስ፦ ዓሣ ማጥመድ ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥትና ማስተዋል የሚጠይቅ ጨዋታ ነው። ይህ ጽሑፍ ማባበያው እንዴት እንደሚሠራ ይገልጻል፤ ከዚያም ትልቁ ዓሣ ከተያዘ በኋላ ምን ሊደረግበት እንደሚገባ ይናገራል። ከሁለቱ የሚከብደው ኋለኛው ነው።

በዓለም የታወቀው ትልቅ ዓሣ

በሰሜን አሜሪካ ባስ የሚባል አፈ ሰፊ ዓሣ አለ። ሌላ ዓሣ፣ እንቁራሪትና ያገኘውን ሁሉ የሚውጥ ነውና በዚያ አገር ሰው ትልቁን ባስ ለመያዝ ዕድሜውን ሙሉ ይመኛል። እ.ኤ.አ. በ1932 ዓ.ም. በጆርጂያ ክፍለ ሀገር ጆርጅ ፔሪ የተባለ ወጣት ገበሬ 10 ኪሎ ከ90 ግራም ያህል የሚመዝን ባስ አወጣ። ያጠመደውም ከእንጨት በተሠራ የዓሣ አምሳያ ነበር። ይህ ክብረ ወሰን 77 ዓመት ሙሉ ያለ ተወዳዳሪ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. ማናቡ ኩሪታ የተባለ ጃፓናዊ በቢዋ ሐይቅ ከፔሪው ጥቂት ግራም ብቻ የሚበልጥ ባስ ያዘ። ልዩነቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ሁለቱ ሰዎች ክብሩን እኩል እንዲካፈሉ ተደረገ።

እኛ ዘንድ የባስን ሥራ የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። በጫሞ ሐይቅና በባሮ ወንዝ ናይል ፐርች አለ፤ ይህ ዓሣ ሲያድግ ከመቶ ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። በጣና ደግሞ ነጭ ዓሣ እየተባሉ የሚጠሩት የባርባስ ወገኖች አሉ፤ ከነዚህም 15 ያህሉ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ሲሆኑ ስምንቱ ዓሣ አሳዳጆች ናቸው። የነሱ ወገን በመንጋጋው ጥርስ የሌለው በመሆኑ ዓሣ አሳድዶ መብላታቸው የሊቃውንትን ትኩረት ስቧል። ለወሎ ሰው የሚቀርበው ግን ጢማሙ አምባዛ ነው።

ከድህነት የተወለደ ብልሃት

ማባበያ የፋብሪካ ሥራ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። ጁሊዮ ቡኤል የተባለው አሜሪካዊ ጀልባ ላይ ሆኖ ሲበላ ማንኪያው ከእጁ አምልጦ ሐይቅ ውስጥ ሲወድቅ፣ አንድ ትልቅ ዓሣ ተወርውሮ ሲቀልበው አየ ይባላል። ታሪኩ ተጋንኖ ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ግን ከማንኪያ ለሠራው ማባበያ እ.ኤ.አ. በ1852 ዓ.ም. የባለቤትነት መብት ማግኘቱ እርግጥ ነው።

ከዚህ ይልቅ ልብ የሚነካው የፊንላንዱ ላውሪ ራፓላ ታሪክ ነው። ራፓላ በዓሣ አጥማጅነት ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ድሀ ሰው ነበር። ጀልባውን እየቀዘፈ ውሃውን ሲመለከት አንድ ነገር አስተዋለ፦ አዳኙ ዓሣ ከትንንሾቹ መንጋ መካከል ዘወትር የሚመርጠው ጤነኛውን ሳይሆን፣ ቆስሎ ወዲህና ወዲያ እየተንገዳገደ የሚዋኘውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ዓ.ም. በጫማ ሰፊ ቢላዋ ከቡሽ አንድ ትንሽ ዓሣ ቀረጸ። ብር የመሰለ ቆዳ ሲያስፈልገው የቸኮላታ መጠቅለያ ወረቀት ለጠፈበት፤ ቫርኒሽ ስላልነበረው የፎቶግራፍ ፊልም አቅልጦ ቀባው። እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. «ላይፍ» የተባለው የአሜሪካ ሥዕላዊ መጽሔት ስለዚህ ሥራ በጻፈ ጊዜ ከየአቅጣጫው የመጣው ትእዛዝ ቤተሰቡ ከሚሠራው በላይ ሆነ። አንባቢዬ ልብ ይበሉ፤ ራፓላን ያከበረው ቡሹ ሳይሆን ማስተዋሉ ነው።

ዓሣው ለምን ይታለላል?

ዓሣ በዓይኑ ብቻ አያድንም። በሁለቱ ጎኖቹ ከራሱ እስከ ጭራው የሚወርድ አንድ መስመር አለ፤ በዚህ መስመር የውሃውን መንቀጥቀጥ ያውቃል። ትንሽ ዓሣ በአጠገቡ ሲወራጭ ሳያየውም ይሰማዋል ማለት ነው። ስለዚህ ጥሩ ማባበያ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፦ ብልጭታ፣ መንገዳገድና ድምፅ። ውሃው ጥሩ ከሆነ ብልጭታው፣ ከደፈረሰ መንገዳገዱና ድምፁ ይበልጥ ይጠቅማል።

አምባዛ በዚህ ላይ አራተኛ መሣሪያ አለው። ስምንቱ ጢሞቹ እንደ ምላስ ጣዕም ይለያሉ። ስለዚህ አምባዛን በብልጭታ ብቻ ማታለል አይቻልም፤ በመንጠቆው ላይ አንዲት ቁራጭ የበግ አንጀት ቢጨመርበት ይመረጣል። ቆሮሶ ግን በብዛት የሚመገበው በውሃ ውስጥ ያለውን ደቃቅ አረንጓዴ ነገር በመሆኑ ስለ ማንኪያው ብዙም ግድ የለው።

አሠራሩ

መንጠቆውን ይግዙ እንጂ አይሥሩ፤ በቤት የሚሠራ መንጠቆ ይታጠፋል። የቀረው ሁሉ በእጅ ይሠራል።

የማንኪያው፦ አንድ አሮጌ የሾርባ ማንኪያ ወስደው እጀታውን ከአንገቱ ላይ ይቁረጡት። የተቆረጠውን ጠርዝ እጅ እንዳይቆርጥ በሞረድ ያለስልሱ። እንጨት ላይ አስደግፈው በሁለቱም ጫፍ በምስማር አንድ አንድ ቀዳዳ ይብሱ፤ በየቀዳዳው የሽቦ ቀለበት ያግቡ። ክሩ በጠባቡ ጫፍ፣ መንጠቆው በሰፊው ጫፍ ይታሰራል። የማንኪያውን ውስጥ በአመድ ፈትገው ያብሩት፤ በጀርባው ላይ አንድ ቀይ መስመር ቢያሰምሩበት የቆሰለ ዓሣ ይመስላል። ከዚያም በውሃ ውስጥ በዝግታ ስበው ይፈትኑት። ወዲህና ወዲያ ከተወዛወዘ መልካም ነው፤ እንደ እንዝርት ከተሽከረከረ ግን ክሩን ያከርረዋልና አሳሳቡን ዝግ ያድርጉ፣ ወይም ማንኪያውን ጥቂት ያጉብጡት።

የቡሹ፦ ቡሽ ካልተገኘ የኮርች እንጨት ለስላሳና ቀላል ስለሆነ ይበቃል። የጣት ቁመት ያህል ዓሣ ቀርጸው በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት። ከአፉ እስከ ጭራው ሽቦ አሳልፈው በሁለቱም በኩል ቀለበት ያድርጉ። በሆዱ በኩል አጭር ምስማር ቢቀበርበት ተንጋሎ አይዋኝም። ከአገጩ ሥር በሰያፍ ሰንጥቀው ከጣሳ ቆርቆሮ የተቆረጠች ትንሽ ምላስ ይሰኩበት፤ ማባበያውን ወደ ታች የምታጠልቀውና የምታንገዳግደው እርሷ ናት። በመጨረሻም የሲጋራ ወይም የቸኮላታ ብርማ ወረቀት ለጥፈው ቫርኒሽ ይቀቡት። ሲሳብ ወደ ግራ ካጋደለ የአፉን ቀለበት በጥቂቱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ካጋደለ ወደ ግራ ያጥፉት።

የቆርኪው፦ ይህ ከሁሉ የቀለለ ነው። ቆርኪውን ለሁለት አጥፈው ሳይገጥም ሦስት ደቃቅ ጠጠር ይክተቱበት፤ ከዚያም በፒንሳ ይግጠሙት። በሁለቱ ጫፍ ቀዳዳ በስተው ቀለበትና መንጠቆ ያድርጉ። ሲሳብ ይንኳኳል፤ ለደፈረሰ ውሃ የተሠራ ነው።

ውድ ዘንግና መዘውር ለሌለው ሰው ባዶ ጣሳ ይበቃዋል። የናይለኑን ክር በጣሳው ላይ ይጠምጥሙ፤ በአንድ እጅ የጣሳውን አፍ ወደ ሐይቁ አቅንተው፣ በሌላው እጅ ማባበያውን አወዛውዘው ሲወረውሩት ክሩ በራሱ እየተፈታ ይሄዳል። ከመወርወርዎ በፊት ግን ከኋላዎ ሰው አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ መንጠቆ ለዓይን አይራራም።

የትና መቼ?

ከደሴ በሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሐይቅ ይገኛል፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ነው። ከበላዩ ያለው የአርዲቦ ሐይቅ በወንዝ ወደ እርሱ ይፈሳል። ቆሮሶ ወደ ሐይቅ የገባው እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. ነው። ቀድሞ እጅግ ጥሩ የነበረው ውሃ ከዚያ ወዲህ እንደ ደፈረሰ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. ጽፈዋል። ስለዚህ በዚያ የሚያጠምድ ሰው ቆርኪውን አይርሳ። ከዚህም ሌላ ትምህርት ይገኛል፦ ዓሣን ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው መውሰድ ለሊቃውንት የሚተው ነገር ነው፤ አንድ እንግዳ ዓሣ ሐይቅን ሊለውጥ ይችላልና።

ከኮምቦልቻ በኩል የቦርከና ወንዝ አለ፤ ነገር ግን ከከተማና ከፋብሪካ ፍሳሽ በታች የተያዘ ዓሣ ባይበላ ይሻላል። በምዕራብ ያለው በሽሎ ወደ ዓባይ የሚወርድ ስለሆነ የባርባስ ወገኖች አሉበት፤ እነርሱም በሚወርድ ውሃ ውስጥ የሚንገዳገድ ማንኪያ ይከተላሉ። አምባዛ የሚንቀሳቀሰው በምሽትና በሌሊት በመሆኑ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያለው ሰዓት ይመረጣል።

ከተያዘ በኋላ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ክሩ ተወጠረ፣ እጅዎ ተንቀጠቀጠ፣ ከብዙ ትግል በኋላ ክንድ የሚያህል አምባዛ ከዳር ደረሰ እንበል። ምን ያደርጉታል?

አብዛኛው ሰው «ይታረድ!» ይላል። ነገር ግን ያ ትልቅ ዓሣ ማን እንደሆነ ይወቁ። ብዙ ዓመት ኖሮ ከመረብ፣ ከወፍና ከድርቅ ያመለጠ ነው። እንስት ከሆነች ደግሞ በአንድ ወቅት የምትጥለው ዕንቁላል በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሲሆን፣ ትንሿ ዓሣ የምትጥለው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ገበሬ ምርጡን እህል ለዘር ያስቀምጣል እንጂ አይፈጨውም። እኛ ግን በውሃ ላይ ዘሩን ፈጭተን ገለባውን እንዘራለን።

ይህ ባዶ ስብከት እንዳይመስልዎ ጣናን ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ ገባ። የባርባስ ወገኖች በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች ሲጎርፉ መረቡ በወንዙ አፍ ጠበቃቸው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ዓ.ም. ባለው አሥር ዓመት ውስጥ ብዛታቸው በሦስት አራተኛ ያህል እንደ ቀነሰ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። በሌላ ስፍራ የማይገኝ ዓሣ ከዚያ ከጠፋ ከዓለም ጠፋ ማለት ነው። ከመረብም የሚከፋ አለ፤ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ትልቁንም ትንሹንም፣ የሚበላውንም የማይበላውንም በአንድነት ያንሳፍፋል።

የመንጠቆ ክብር እዚህ ላይ ይታያል። መረብና ብርብራ አይመርጡም፤ መንጠቆ ያለው ሰው ግን ይመርጣል። አንድ ዓሣ ይይዛል፣ ያየዋል፣ ሊመልሰውም ይችላል። በአሜሪካ ሬይ ስኮት የተባለው የባስ ውድድር አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. ተወዳዳሪዎቹ የያዙትን ዓሣ መዝነው በሕይወቱ እንዲመልሱት ማድረግ ጀመረ። መጀመሪያ ሰው ሳቀበት፤ ዛሬ ግን በዚያ ዘንድ ትልቅ ባስ ገድሎ የሚመጣ ሰው ነው የሚታፈረው።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ገና ከቤት ሳይወጡ የመንጠቆውን ጥርስ በፒንሳ ጨፍልቀው ያስተኙት፤ ሲነቀል አያቆስልም። ዓሣውን በደረቅ እጅ አይንኩት፤ ቆዳውን የሚጠብቀው ልጋግ ይገፈፋልና እጅዎን አስቀድመው ያርጥቡ። በስንጥቡ አያንጠልጥሉት፤ በሁለት እጅ ከሆዱ ሥር ይደግፉት። ርዝመቱን በገመድ ለክተው፣ በስልክዎ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ራሱን ወደ ጥልቁ አቅንተው ይያዙት፤ ጉልበቱ ሲመለስ ራሱ ያመልጣል። ለወጥ የሚሆን ከፈለጉ መካከለኛውን ይውሰዱ፤ ደግሞም ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ። ዝናብ ሲጀምር አምባዛ ለመራባት ወደ ዳር በሚወጣበት ወቅት መንጠቆውን ሰቅለው ማባበያ ቢቀርጹ ይሻላል። ስለ ዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቀው ሥርዐቱን ይወቁ፤ የገዳሙንም ክልል ያክብሩ።

«የያዝኩትን ከለቀቅሁ ምን ተረፈኝ?» የሚል ይኖራል። ትልቁ ዓሣ ቢበላ ለአንድ ቀን ራት ይሆናል። ቢለቀቅ ግን የሚመጣው ዓመት ልጆቹ፣ ከዚያም በኋላ ዛሬ ሰኞ ገበያ ቆርኪ የሚለቅሙት ሕፃናት አድገው ክር ሲጥሉ የሚይዙት ይኖራል። ያን የሚያህል ትርፍ ከአንድ አሮጌ ማንኪያ ያገኘ ሰው ከሰረ አይባልም።