ፓምፕ ስለተቀየረ ብቻ ሽታው አይጠፋም

አዲስ አበባ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ቁልቁል ስለምትወርድ፣ መስመር ውስጥ የገባው ፍሳሽ ብዙው ያለ ፓምፕ ቃሊቲ ማጣሪያ ይደርሳል። ሰፈሩ ከዋናው መስመር ዝቅ ካለ ግን ፓምፕ ጣቢያ የግድ ነው።

እኛን የፍሳሽ መስመር ሠራተኞችን «ትልቅ ቱቦ ለምን አትቀብሩም?» ትሉናላችሁ። ቱቦ ከልክ በላይ ሲሰፋ ፍሳሹ ቀስ ይላል፤ በሰከንድ 0.6 ሜትር ገደማ ካልሄደ ደለሉ ከታች ይቀራል። ፓምፑ በሚገፋበት ቱቦ (የግፊት መስመር) ውስጥ የቆየ ፍሳሽ ደግሞ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያመነጫል፤ ያ የገማ እንቁላል ሽታ እሱ ነው። ጋዙ አሲድ ሆኖ የኮንክሪት ቱቦን ከላይ በኩል ይበላል። ስለዚህ ፓምፑን ቀይሮ አሮጌውን ቱቦ መተው፣ በኔ እምነት፣ ግማሽ ሥራ ነው።

ተጠባባቂ ፓምፕና ጄኔሬተርም ይኑር፤ አለዚያ መብራት በጠፋ ቁጥር ማንሆሉ መንገድ ላይ ይገነፍላል። ፓምፑ ቆሞ ስንፈታው ደግሞ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ውሃውን በሚገፋው ተሽከርካሪ ክፍል (ኢምፔለር) ላይ የተጠመጠመ ዳይፐርና ዋይፕስ ነው (አዎ፣ «ሽንት ቤት ይጣላል» ተብሎ የሚሸጠውም ጭምር)።