ከአምስት ሳንቲም እስከ ግማሽ ሳንቲም

ሎስ አንጀለስ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን የመኪና ጎርፍ ነው። ይህችው ከተማ ከመቶ ዓመት በፊት በኤሌክትሪክ ባቡር የምትንቀሳቀስ ነበረች። ፓሲፊክ ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ ብቻውን በደቡብ ካሊፎርኒያ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ነበረው። የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር፣ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ፣ የመሄጃውንም የመመለሻውንም ሐዲድ ለየብቻ ብንለካው 68 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የእነሱ ከዚህ ሃያ እጥፍ ይበልጣል። በመሀል ከተማ ይመላለሱ የነበሩት የሌላ ኩባንያ ቢጫ ትራሞች ደግሞ በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም።

ይህን ሁሉ ሐዲድ ማን ከፈለለት? መሬት ነው የከፈለለት። ሄንሪ ሀንቲንግተን ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1901 ሲያቋቁም ዋናው ትርፉ ትኬት አልነበረም። ባዶ መሬት ይገዛል፣ ባቡር ያስገባበታል፣ ሸንሽኖ በውድ ይሸጠዋል። መሬቱ ተሽጦ ሲያልቅ የቀረው ባቡሩና ወጪው ነው። በቢጫዎቹ ትራሞች ላይ ደግሞ ታሪፉ 5 ሳንቲም እንደሆነ እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ ዘለቀ፤ ከ1914 እስከ 1920 ባለው ጊዜ ብቻ የአሜሪካ የኑሮ ውድነት በእጥፍ ገደማ ጨምሮ ሳለ። በዚያ ላይ መኪናው መጣና የትራሙን መንገድ ዘጋበት።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ታሪክ ሌላ ነው፤ ትራሞቹን ጄኔራል ሞተርስ ገዝቶ ገደላቸው የሚለው። በ1949 ቺካጎ ውስጥ በተሰጠ ፍርድ ጄኔራል ሞተርስና ሌሎች ኩባንያዎች በእርግጥ ጥፋተኛ ተብለዋል። ቅጣቱ ለእያንዳንዱ ኩባንያ 5,000 ዶላር ነበር። ለኃላፊዎቹስ? ለእያንዳንዳቸው አንድ ዶላር። ልብ በሉ፣ አንድ ሺህ አይደለም፣ አንድ። ይሁንና ክሱ ትራም አጠፋችሁ የሚል አልነበረም፤ ጥፋታቸው የአውቶቡስ፣ የነዳጅና የጎማ አቅርቦትን በሞኖፖል ለመያዝ መዶለታቸው ነው። ቀዩን ትራም፣ ማለትም ፓሲፊክ ኤሌክትሪክን፣ እነዚህ ኩባንያዎች ጨርሶ አልገዙትም። እኔ የተረቱን ግማሽ ያህል ብቻ አምናለሁ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነዳጅና ጎማ በራሽን ሲሆን፣ እየሞተ የነበረው ፓሲፊክ ኤሌክትሪክ በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሳፋሪ አጓጓዘ። ጦርነቱ ሲያልቅ ሕዝቡ ወደ መኪናው ተመለሰ። በ1956 ተርሚናል አይላንድ ላይ የተነሳ ፎቶግራፍ አለ፦ ቀያዮቹ ፉርጎዎች አንዱ ባንዱ ላይ ተቆልለው ለቁርጥራጭ ብረት ተራ ይጠብቃሉ። ከዚህ ዕጣ ያመለጡ ጥቂቶች ቦነስ አይረስ ሄደው እንደገና ሥራ ጀመሩ። በ1902 የተከፈተው የሎንግ ቢች መስመር በሚያዝያ 1961 የመጨረሻው ሆኖ ተዘጋ። ቢጫዎቹም በ1963 አበቃላቸው።

ከዚያ ከ27 ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1990፣ ባቡር ተመለሰ፤ አብዛኛው በዚያው በሎንግ ቢች መስመር ላይ። ርዝመቱ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም መሄጃና መመለሻውን ለየብቻ ካልቆጠርን የአዲስ አበባውን ያህል ነው። ወጪው 877 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። በጄኔራል ሞተርስ ቅጣት ብናካፍለው 175,400 ቅጣት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ለተሠራው ብዙው ገንዘብ ከግማሽ ሳንቲም መጣ። በ2008 የሎስ አንጀለስ አውራጃ መራጮች በእያንዳንዱ የአንድ ዶላር ግብይት ላይ ግማሽ ሳንቲም ታክስ ለትራንስፖርት እንዲጨመር ተጠየቁ። ሕጉ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፤ ከ67 በመቶ በላይ ተገኘና ለጥቂት አለፈ። በ2016 ሌላ ግማሽ ሳንቲም፣ ያውም ማብቂያ ቀን የሌለው፣ ከ71 በመቶ በላይ ድምፅ አገኘ። መኪና የሚነዳ ሕዝብ ነው እንግዲህ ይህን የመረጠው።

የሎንግ ቢቹ መስመር በመስከረም 2025 ፖሞና ደርሶ 93 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ፤ ከዓለም ቀላል ባቡሮች ረጅሙ ይባላል። ቀዩ ትራም ግን ከፖሞና አልፎ ሳን በርናርዲኖ ይገባ ነበር፣ ያውም በ1914።